ፍራንክፈርት በሰባት ሰዓት፣ ሱሉልታ በአሥራ አንድ

ሱሉልታ፣ ነሐሴ ፳ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ለክቡር የወረዳችን ገዥ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤንነት፣ ይልቁንም ፍራንክፈርት ድረስ ሄደው ያሳከሙትን የጥርስዎን ደኅንነት በትሕትና እጠይቃለሁ።

ባለፈው እሑድ በገበያው ሜዳ ሰብስበውን፣ ከፍራንክፈርት እስከ አዲስ አበባ አምስት ሺህ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑን፣ ይህንንም በጄት አውሮፕላን በሰባት ሰዓት እንደ ጨረሱት፣ ምሳዎንም ከደመና በላይ እንደ በሉ ስላስረዱን እናመሰግናለን። ዕውቀት ተቀብሎ ዝም ማለት ነውር ነውና እኔም የራሴን የመንገድ ሒሳብ ላቅርብ። ከቤቴ እስከ አዲስ አበባው ሆስፒታል ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ነው። ክቡርነትዎ በገቡበት ዕለት ይህን መንገድ በአሥራ አንድ ሰዓት ጨረስነው። ቃሬዛው ላይ የነበረችው ምጥ የጠናባት ልጄ ገለቴ ነበረች።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ልቀጥል።

፩ኛ/ ዕድራችን በሽተኛ የሚሸከመው በአሥራ ስድስት ሰው ነው፤ አራቱ ሲደክሙ አራቱ እየተቀበሉ ቃሬዛው መሬት ሳይነካ ከተማ ይገባል። በዚያን ዕለት ግን ወንድ የተባለ ሁሉ አውሮፕላን ማረፊያ ሄዶ እንዲቀበልዎ፣ የቀረም እንዲቀጣ ስለ ታዘዘ፣ አሥራ ሁለቱ ሲያጨበጭቡልዎ ዋሉ። የቀረነው እኔ፣ ባሏ ቀጄላና ትእዛዙን የጣሱ ሁለት ጎረቤቶች ነበርን። በደከመን ቁጥር ጭቃ ላይ አስቀመጥናት።

፪ኛ/ የሰፈራችን ብቸኛ መኪና የሐጂ ዲኖ የጭነት መኪና ነው። እርሱም አጨብጫቢ እንዲያመላልስ ተወስዶ ነበር። ሐጂ ዲኖ ቁልፉን ከእጁ እንደ ነጠቁት እያለቀሰ ነግሮኛል።

፫ኛ/ እንጦጦ ዳገት ላይ ሳለን የክቡርነትዎ አጀብ ስለ ደረሰ፣ ዘበኞችዎ ከመንገድ ውጡ ብለውን ቃሬዛውን ቦይ ውስጥ አወረድን። ክቡርነትዎ በመስኮት እጅዎን አነሡልን። እጃችን ተይዞ ነበርና አጸፋውን ባለመመለሳችን ይቅርታ እንለምናለን። ገለቴ እስከዚያ ድረስ ደጋግማ አባ፣ ደረስን ወይ ትለኝ ነበር፤ እኔም ደርሰናል እያልኩ እዋሻት ነበር። ከቦዩ ስናወጣት ግን መጠየቅ ትታ ነበር።

ሐኪሙ ሁለት ሰዓት ብትቀድሙ ኖሮ አለን። ልጄን ከነፅንሷ ቀበርኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉኛል፤ ይበሉኝ። ተቆጥቻለሁ፣ ክቡር ሆይ፣ እጅግ ተቆጥቻለሁ።

ከአቀባበሉ የቀረንበትን ምክንያት እንድናስረዳ አራታችንም መጥሪያ ደርሶናል። ይህ ደብዳቤ መልሴ ሆኖ ይመዝገብልኝ።

ቃሬዛ ባጎበጠው ትከሻዬ እጅ እየነሣሁ፣

ዳዲ ገርባ
የዕድሩ ጸሐፊ፣ የገለቴ አባት

ማስታወሻ፦ ጥርስዎ ዳግመኛ ቢያምዎ፣ አውሮፕላኑ ዘንድ እስኪደርሱ ያለው መንገድ ያው የእኛው መንገድ ነው። ድልድያችንን ደግሞ ትናንት ጎርፍ ስለ ወሰደው መኪና አያሳልፍም። ነገር ግን አያስቡ፤ ቃሬዛው ታጥቦ ተቀምጧል፣ አራታችንም አለን። በመንገድ ላይ ደረስን ወይ ብለው ቢጠይቁ፣ ደርሰናል እያልኩ የምመልስልዎ እኔው ነኝ።