የዊለም ስም ያለበት ግድግዳ ኖራ እንዳይቀባ

ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቫልክዳውን የመንግሥት ፓርክ አስተዳደር ኃላፊ
ዴን ሃግ

ጉዳዩ፦ በፓርኩ ውስጥ ያለው አሮጌ ምሽግ ለሌሊት ወፎች ማደሪያነት ሲዘጋ፣ የሁለተኛው ክፍል ግድግዳ በኖራ እንዳይቀባ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች ነዋሪነቴ እዚሁ ዴን ሃግ፣ ሥራዬም የአረጋውያን እንክብካቤ ሲሆን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በፓርክዎ በበጎ ፈቃድ እሾህ እመነጥራለሁ። ይህን የጻፍኩት በአማርኛ ነው፤ ወደ ሆላንድኛ የምትመልሰው ልጄ ሐምራዊት ናት። ቁጣዬን እንዳታለዝብብኝ አደራ ብያታለሁና፣ ለስልሶ ከደረሰዎ ጥፋቱ የእሷ ነው።

1. ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከመነሻው ላስረዳ። ምሽጉ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አገሩን የወረረው ጦር በባሕር ዳሩ አሸዋ ውስጥ ያሠራው ነው። በሁለተኛው ክፍል ግድግዳ ላይ በምስማር የተጫረ ትንሽ ጀልባ አለ፤ ከሥሩም «ዊለም፣ ሮተርዳም» ይላል። ማን እንደነበረ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። በግድ አምጥተው ያሠሩት ይሆናል፤ ቤቱ ይግባ አይግባ አልታወቀም።

2. ባለፈው ቅዳሜ ለበጎ ፈቃደኞቹ አንድ ውሳኔ ተነገረን። ጎረምሶች በቀለም ስላበላሹት የውስጡ ግድግዳ ሁሉ በኖራ ይቀባል፤ የሌሊት ወፎቹ ለብርዱ ወራት ከመግባታቸው በፊትም በሩ እነሱን ብቻ በሚያሳልፍ የብረት ፍርግርግ ይታጠራል። ስለ በሩ ቅሬታ የለኝም። ይታጠር፣ ወፎቹም በሰላም ይተኙ። ስለ ጽሑፉ ስጠይቅ ግን የፓርኩ ጠባቂ ሚስተር ሩድ፣ መልካም ሰው ናቸው፣ «ፎቶ አንስተነዋል፤ ምንም አይጠፋም» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዕረፍት የለኝም። ሥራ ላይ ሆኜ ልቤ እዚያ ነው። ስወጣም ወደ ቤቴ መሄዱን ትቼ በትራም እስከ መጨረሻው ፌርማታ እሄድና፣ ተቀብቶ እንደሆነ አይቼ እመለሳለሁ። ትናንትም ሄጃለሁ። ሐምራዊት ለማላውቀው ሰው ይህን ያህል መንገብገቤ አልገባት ብሏል።

3. ፎቶማ እናቴም ነበራት። ወንድሜ መልአኩ በቀይ ሽብር ዘመን ከቤታችን ተወስዶ በዚያው ቀረ፤ አስከሬኑም አልተሰጠንም። አብሮት ታስሮ የተፈታ ጎረቤታችን ግን፣ በታሰሩበት ክፍል ከመስኮቱ ሥር ስሙን በምስማር እንደጫረ ለእናቴ ነገራት። ደርግ እስኪወድቅ ድረስ ወደዚያ ግቢ የሚያስገባት አልነበረም። ሲወድቅ እኔን አስከትላ ሄደች። ክፍሉ ቢሮ ሊደረግ ኖራ ተቀብቶ ጠበቀን። የተቀበለን ሰው ክፉ አልነበረም፤ «አሳምረነዋል እኮ፣ እማማ» አላት። እሷ ተንበርክካ ከመስኮቱ ሥር ያለውን ሁሉ በመዳፏ ዳሰሰች፤ ይብቃሽ ብላት አልሰማችኝም። ነጠላዋ ላይ የቀረውን ኖራ ሳታራግፍ ቤት ገባች። እስክትሞትም ድረስ ጸጸቷ አንድ ነበር፦ ጣቷን በስሙ ላይ ሳታሳልፍ መቅረቷ።

4. እርስዎም ክፉ አይደሉም፤ የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። ወፎቹን ለማዳን በቅንነት የተነሳ እጅ ሳያስበው የሰው ስም ያጠፋል። ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ አቤት እላለሁ፦ ያ አንድ ግድግዳ ሳይቀባ ይታለፍልኝ። የጎረምሶቹን ቀለም በብሩሽና በውኃ እኔው ላጸዳው ዝግጁ ነኝ። በሩ ከመታጠሩ በፊትም በሮተርዳም ጋዜጣ ይነገርለት። ዊለምን ስትፈልግ የኖረች እህት ወይም የእህት ልጅ ካለች፣ መጥታ ትየው።

5. ውሳኔው አይለወጥም ከተባለ ግን፣ ይህን መለመኔ ራሱ ቢያንገበግበኝም፣ ቀቢዎቹ የሚመጡበት ቀን ይነገረኝ። ከእነሱ ቀድሜ እገባለሁ። የዊለም እናት መጥታ ታውቅ እንደሆነ አላውቅም፤ ካልመጣች በእሷ ፈንታ እኔ ጣቴን አሳልፍበታለሁ።

ምላሽዎን ቆሜ እየጠበቅሁ፣

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ጸሐይወርቅ አዘዘ
(ፊርማ)