ዝይዎቹ ያልተነሱበት ጠዋት

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 11
ከጌንቾ ጋር ወፍ ለማየት ወጣን፤ ከእህቴ ከዶንካ ባል ጋር። ብርዱ በገባ ቁጥር ቅዳሜያችን ይኸው ነው። መጀመሪያ በገደሉ ጫፍ፣ በባሕሩ ዳር። ነፋሱ ፊት ይላጫል። ጥቂት ጠላቂ ዳክዬዎች... ሌላ የለም። ከዚያ ወደ ሐይቁ። ሁልጊዜ ጎህ ሲቀድ ዝይዎቹ ሰማዩን ሞልተው፣ እየጮሁ ወደ ስንዴው ማሳ ይነሳሉ። ዛሬ አልተነሱም። በረዶው ላይ ዝም ብለው ቁጭ።
«እነሱም እንዳንተ ጡረታ ወጡ» አለኝ ጌንቾ።
አንዷ አንገቷን አጣማ ባለችበት ትዞራለች። ትዞራለች...
«ራኪያ አረቄ ቀምሳ ነው!» ብሎ ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ምን ሆና ነው?

እሑድ፣ ጃንዋሪ 12
ነፋሱ አልቆመም። ያቺ ዝይ ከዓይኔ አልጠፋ አለች።

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 13
ብቻዬን ወደ ሐይቁ ሄድኩ። ዝይዎቹ ሸምበቆው ውስጥ ሞተዋል። አንድ ሁለት አይደሉም... ንስር ወርዶ ይጎትታቸዋል። አልነካሁም። የወፍ ጉንፋን ይሆን? ሌላ ምን ይሆናል?
በቀጥታ ወደ ጌንቾ። እሱና ዶንካ የሚኖሩት በዳክዬ እርባታ ነው፤ ሌላ ገቢ የላቸውም። ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ።
«ለማን ነገርክ?»
«ላንተ ብቻ።»
«እንግዲያው እዚሁ ይቅር። የእንስሳት ሐኪሟ ከሰማች ዳክዬዎቼን አንድ ሳታስቀር ታስፈጃቸዋለች። እህትህን ምን ላብላት? ወፍህን?»
ዶንካ የዱባ ባኒትሳ ቂጣ ከምድጃ አውጥታ መጣች። «ደግሞ ምን ትንሾካሾካላችሁ?» ጌንቾ ወሬ ቀየረ። ቆርሳ ሰጠችኝ።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 15
ጌንቾን ሐይቁ ዳር አገኘሁት። የሞቱትን ዝይዎች በባዶ እጁ እየለቀመ ጆንያ ውስጥ ይከታል።
«አብደሃል? ጓንት እንኳ የለህም!»
«ሰው ሳያያቸው ልቅበራቸው ብዬ ነው። ሂድ ወደ ቤትህ።»
ተከተልኩት። በዚያው ቦት ጫማው ዳክዬዎቹ ጋ ገባ። በዚያው እጁ መኖ በተነላቸው። አጥሩን ተደግፌ አየሁ... ምን እየጠበቅኩ ነበር?
ቤት ገብቼ ለእንስሳት ሐኪሟ ደወልኩ። ስለ ሐይቁም፣ ስለ እጁም፣ ሁሉንም ነገርኳት።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 19
የእንስሳት ሐኪሟ የላከቻቸው ነጭ የለበሱ ሰዎች ጌንቾ ግቢ መጡ። ምርመራው በሽታውን ዳክዬዎቹም ላይ አገኘው። በጋዝ ጨረሷቸው። መጀመሪያ ጫጫታ ነበር፤ ከዚያ ምንም።
ጌንቾ በረንዳው ላይ ቆሞ ወደ እኔ፣ «ራዶይ! ደስ አለህ?» ብሎ ጮኸ። ወዲያው ሳል ያዘው። አልለቅ አለው። ትኩሳቱ እሳት ነው... ሐኪሟ በባዶ እጁ መንካቱን አስቀድማ ነግራቸው ስለነበር ሰዎቹ አልዘገዩም፤ አምቡላንስ ጠሩ።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 23
ጌንቾ በማሽን ነው የሚተነፍሰው። ዶንካ ስልኬን አታነሳም።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 16
ጌንቾ ትናንት ከሆስፒታል ወጣ። አጥንቱ ብቻ ቀርቶ።
ዶንካ ደጄ መጣች። «ግቢ እንጂ» ብላት አልገባችም።
«የሆስፒታሉ ሐኪም፣ ምን እንደነካ ቶሎ ባናውቅ ኖሮ አይተርፍም ነበር አለኝ። ባሌን አትርፈህልኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ቤቴን ግን ባዶ አስቀርተኸዋል። ከእንግዲህ ደጄን እንዳትረግጥ፣ ወንድሜ።»
በሁለቱም እውነቷን ነው።
ከሰዓት በኋላ ወደ ባሕሩ ወረድኩ፣ ብቻዬን። ማዶ ውሃው ላይ ነጭ ነገር ይንሳፈፋል። አረፋ ይሁን፣ ወፍ ይሁን... የሩቅ ማያ መነጽሬን ወደ ዓይኔ ማንሳት ፈራሁ። ሳላየው ተመለስኩ።