የልብ ሕመም ያልነው

ሰኞ
ይኸው፣ የፈራሁት ዶሴ መጣ። ነቀምቴ አጠገብ ጉቶ ጊዳ ባለው የድንጋይ ከሰል ውስጥ ጋዝ በቁፋሮ ይፈለግ ወይስ ይተው? እስከ ዓርብ አስተያየት ጻፍ ተብያለሁ። ኃላፊዬ፣ «ቦታውን ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም» አለኝ። አውቀዋለሁ እንጂ! ቆፋሪዬ ቶለራ የሞተው እዚያ አይደል።

ማክሰኞ
የዛሬ ስድስት ዓመት የጻፍኩትን ሪፖርት አወጣሁ። «የጋዝ ምልክት አልታየም። አንድ ቆፋሪ በልብ ሕመም ሞቷል።» ውሸት! ዝናብ እየመጣ ነበርና ቸኮልኩ፤ ጋዙን ጉድጓዱ አፍ ላይ ብቻ ለክቼ ቶለራን «ግባ» አልኩት። እያንጎራጎረ ወረደ። ድምፁ መሃል ላይ ቆመ። ሬሳውን ካወጣን በኋላ የጋዝ መለኪያውን በገመድ አወረድኩት፤ ጮኸ። ማንም ሳያየኝ አጠፋሁት።
እስከ ዛሬ ሰው ሲያንጎራጉር ያስበረግገኛል። ዛሬም ሾፌሩ ማንጎራጎር ሲጀምር ከባጃጅ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ።
ጋዝ ለመኖሩ ያለኝ ማስረጃ የቶለራ ሞትና ያጠፋሁት ጩኸት ብቻ ነው። የለም ብዬ ብጽፍ ደግሞ ነገ ሌላው ከሰል ሊቆፍር ይገባል።

ረቡዕ
ቦታውን ለማየት ሄድኩ። የቶለራ እናት አዴ ብርቄ መንገድ ላይ አገኙኝ። «አካም ጅርታ፣ ያ ኢልመ ኮ!» ደህና ነህ ወይ ልጄ እያሉ አገላብጠው ሳሙኝ። ሬሳውን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝና ይመርቁኛል። ምነው ምድር በዋጠችኝ!
የልብ ሕመሙ በዘር ይተላለፋል ብለው የቶለራን እህት ጫልቱን ከባድ ነገር አያስነሷትም። ለልብ ምርመራ ነቀምቴ ያመላልሷታል። ጫልቱን ለልጁ ሊያጭ ከሲሬ ሽማግሌ ልኮ የነበረ ቤተሰብ ዘር ሲያጣራ «የልብ በሽታ አለባቸው» ተብሎ ቀረ። ጫልቱ ሳቀች። «እኔ ደህና ነኝ፤ በስጋት የታመመችው አዮ ናት» አለች እናቷን።

ሐሙስ
አልጻፍኩም። የምፈራው፦ ከሥራ መባረር። መከሰስ። የአዴ ብርቄን ፊት። ከሁሉ የመጨረሻው ይብሳል። ፈሪ ነኝ፣ ሌላ ስም የለውም።

ዓርብ
ጻፍኩ። «ጋዝ አለ። ሰው ሳይገባ በማሽን ይፈተሽ። ቶለራ የሞተው በጋዝ ነው፤ በደንብ ሳልለካ ያስገባሁት እኔ ነኝ።» ኃላፊዬ አንብቦ፣ «የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አውጣት፣ ያለሷም ያልፋል» አለ። እምቢ አልኩ።

ቅዳሜ
ሌላ ሰው ሳይነግራቸው ብዬ አዴ ብርቄ ቤት ሄድኩ። እውነቱን በተሰባበረ ኦሮምኛ ጀምሬ በአማርኛ ጨረስኩት። ጫልቱ በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች። አላለቀሰችም።
«ያ የሲሬው ልጅ እኮ አግብቶ ሁለት ወልዷል» አለችኝ።
አዴ ብርቄ ተነሱ። «ዴሚ!» ሂድ ማለታቸው ነው። ወጥቼ አጥሩ ጋ ስደርስ ጠሩኝ። «ይሄ ደም ነው። ብቻህን አትምጣ፤ ሽማግሌ ይዘህ ና።»
ማባረራቸው ይሁን መጥራታቸው አላውቅም። ነገ ሽማግሌ ልለምን እወጣለሁ።