በደብዳቤ ብቻ የቀረው ትምህርት ቤት

ይድረስ ለእትዬ ፈንታነሽ ደሳለኝ
ካርቱም

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? በክረምቱ ያመመሽ ወባ ለቀቀሽ ወይስ ይመላለስብሻል? ያ ሙቀትስ እንዴት አድርጎሻል? እዚህ አባባን ጉልበታቸውን ከማመሙ በቀር ሁለታችንም ደኅና ነን። ገብሱ ዘንድሮ ጥሩ ነው ይባላል፤ ብርዱ ግን ቀድሞ ገብቷል። የአንቺስ ናፍቆት በወረቀት የሚያልቅ አይደለም።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም። የነጋዴው የሰዒድ ወንድም ከማል ወደ እናንተ ስለሚሻገር በእጁ ነው የምሰጠው። አባባ ለተዝካር አንበሳሜ ወርደዋል፤ እሳቸው ሳይመለሱ ልጨርሰው እየተጣደፍሁ ነው።

አብረውሽ የሚያስተምሩት መነኮሳት የትምህርት ቤታችንን ታሪክ ጽፌ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ ብለሽ ነበር። መቼ እንደ ተጀመረ፣ ዛሬ ስንት ልጆች እንዳሉበት ላኪልኝ አልሽ። የፊተኛው ቀላል ነው። የኋለኛውን ለመመለስ ግን ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ።

በስልሳ ሁለት መስከረም ነው የጀመርሽው። አሥመራ ከጣሊያን መነኮሳት ዘንድ ሞንተሶሪ የሚሉትን የሕፃናት ማስተማሪያ ተምረሽ ስትመለሺ፣ አባባ መንገድ ዳር ያሉትን ሁለት ክፍሎች ለቀውልሽ የአናጢነት ሥራቸውን ወደ ጓሮ አዛወሩ። «ልጅ በእንጨት ሲጫወት ውሎ ምን ይማራል?» እያሉ ያጉረመርሙ ነበር። ቢያጉረመርሙም የጠየቅሽውን ሁሉ ሠሩ። ራሳቸው ፊደል ሳይቆጥሩ የአንቺን ጽሑፍ እያዩ፣ ልጆቹ በጣታቸው እየዳሰሱ እንዲማሩት ፊደሉን በዋንዛ ሳንቃ ላይ ቀረጹት። ነፍሷን ይማርና እማማ በየጠዋቱ በር ላይ ቆማ የልጆቹን እጅ ታጥብ ነበር።

የመጀመሪያው ዓመት አምስት ልጆች ብቻ ነበሩ። አገሩ «የጨዋታ ቤት» ብሎን ነበር። የሰዒድ ልጅ ዘምዘም በአምስት ዓመቷ በአባቷ ሱቅ ካርቶን ላይ «ሻማ» የሚለውን አነበበች። ሰዒድ ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ እየሮጠ መጣ፤ «አነበበች! ማንም ሳይነግራት አነበበች!» እያለ። በሳምንቱ አሥራ አንድ ልጅ ተመዘገበ። በሰባ ዓመተ ምሕረት አንቺ ስትሄጂ ለእኔ ያስረከብሽኝ አርባ ሦስት ልጆች ነበሩ።

አሁን ግን አንድም የለም። ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ሃያ ወር ሆነው፣ እትዬ።

ቀበሌው ክፍሎቹን ትርፍ ቤት ናቸው ብሎ ወሰዳቸው። ሊቀ መንበሩ «ይህ የከበርቴ ልጅ ማሳደጊያ ነው» ሲላቸው አባባ መዳፋቸውን ዘረጉለት። «እንጨቱን የጠረብሁት እኔ ነኝ። ይህን እጅ እየውና ከበርቴ በለኝ» አሉት። ሰውየው ወደ መዝገቡ አቀረቀረ። ክፍሎቹ ዛሬ የማዳበሪያ መጋዘን ናቸው። እኔን ለመሠረተ ትምህርት መድበውኝ ከሰዓት በኋላ ጎልማሶች አስተምራለሁ። ጠዋት ጠዋት ግን ቤቱ ጭር ሲል የምገባበት ይጠፋኛል።

ያኔውኑ ልነግርሽ ጽፌ ነበር። አባባ አስነበቡኝና «ቅደጂው። በሰው አገር ብቻዋን ናት፤ እንዳለ ነው በያት» አሉኝ። እሺ አልሁ። ከዚያ ወዲህ የጻፍሁልሽን ሁሉ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። በግራ እጇ የምትጽፈው ሙሉ፣ አንቺ «እጇን አታስለውጧት» ብለሽ የመከርሽላት፣ አባባ የፈጠሯት እንጂ የለችም። ምክርሽን ሳነብላቸው አባባ ደስ ብሏቸው «አናስለውጣትም በያት» ነበር ያሉኝ።

በነሐሴ ሦስት ቀን ጓሮ ሲጠርቡ ሰነበቱና አንዲት ትንሽ ወንበር ይዘው ገቡ። የማን ናት ብላቸው፣ «የሙሉ ናት፤ የድሮዋ ጠባታለች» አሉኝ። ወዲያው የተናገሩት ለራሳቸው ተሰማቸው። ዓይን ለዓይን ተያየን። ወንበሯን አልጋ ሥር ከተቷትና ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቸው በአንድ ጥግ፣ እኔ በሌላው፤ እህል ቀረበ፣ ውኃ ተቀዳ ከማለት በቀር ንግግር የለንም። እትዬ፣ ሰው ከሚወደው ጋር በአንድ ጣራ ሥር እየኖረ እንዲህ ብቻውን ይሆናል ብዬ አላስብም ነበር።

ስለዚህ አንድ ነገር አድርጊልኝ። ለአባባ ጻፊላቸው። እንደ ሰማሽ፣ እንዳልተቀየምሽ፣ እንዳላፈርሽባቸው በራስሽ ቃል ንገሪያቸው። የማነብላቸው እኔ ነኝና፣ አደራሽን፣ አሳጥረሽ አትጻፊው። እኔ ልላቸው አፌን ከፍቼ ስንት ጊዜ ዘጋሁት መሰለሽ።

ዘምዘም እጅ ትነሣሻለች፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ለጎረቤቱ ሁሉ ደብዳቤ የምታነብ እሷ ናት። ሰዒድና ባለቤቱ ራቢያ እንደምን ነሽ ይሉሻል። ከቤታችን ሰላም የምልሽ እኔ ብቻ ነኝ፤ አባባ ይህ ደብዳቤ መጻፉን ስለማያውቁ የእሳቸው ሰላምታ አልገባበትም።

እህትሽ ዘነበች ደሳለኝ
ደብረ ታቦር፣ ጥቅምት ፲፰ ቀን ፲፱፻፸፫ ዓ.ም.