ካፖርት የለበሰችው አሻንጉሊት

ለምወድሽ እህቴ ለእትዬ ቨርኔል፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የዲትሮይት ብርድ ዘንድሮ አዘነልሽ ወይስ እንደ ልማዱ ጨከነብሽ? ደም ግፊትሽን ትለኪያለሽ ወይስ ዛሬም የሚዋሸው መሣሪያው ነው? እኔ ከወገቤና ከአለቃዬ በቀር የሚያመኝ የለም።

የማስተምርበት መዋዕለ ሕፃናት ሰሞኑን «የፍትሕ ሳምንት»ን በታላቅ ድምቀት አከበረ። ጥቁርና ነጭ እጆች የሚጨባበጡበት ሥዕል በየግድግዳው ተለጠፈ። ዳይሬክተራችን ወይዘሮ ዊትሎ ለአራት ዓመት ሕፃናት ስለ እኩልነት ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሲናገሩ፣ ሁለቱን እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ አንዱ ሱሪው ላይ ሸና።

በዚያው ሳምንት ማክሰኞ፣ ታነር የሚባለው ነጭ ልጅ ጃሊያን ክንዷን ነከሳት። ጃሊያ እንደ እኛው ጥቁር ናት፣ የወይዘሮ ኦዴል የልጅ ልጅ። ሐሙስ እሷም በተራዋ ነከሰችው። እኔ ሁለቱንም የጥፋት ቅጾች በአንድ ዓይነት ቃል ሞላሁ። ወይዘሮ ዊትሎ የታነርን መለሱልኝ፤ «ኧረ ተይው፣ ጥርስ እያወጣ ይሆናል» አሉ። የአራት ዓመት ልጅ ጥርስ ሲያወጣ! ዕድሜ ይስጠን እንጂ ገና ስንቱን እናያለን። የጃሊያ ላይ ግን በቀይ «ጥቃት» ብለው ጻፉበት። ሦስት ቅጽ የተሞላበት ልጅ ይሰናበታል፤ ይህ ሦስተኛዋ ነበር። አንደኛው ጮክ ብላ በመሳቋ ነው።

ንክሻ ያው ንክሻ ነው ብዬ ተሟገትኩ። «ሚስ አርዜላ፣ ሁሉን ነገር ወደ ቀለም አትጎትቺው፤ እኛ እዚህ ቀለም አይታየንም» አሉኝ፣ ቀይ እስክሪብቷቸውን እንደያዙ።

ጃሊያ በዚያው ቀን ተሰናብታ፣ ካፖርቷን ለብሳ በር ላይ አያቷን ስትጠብቅ፣ «ነገ ሰልፍ መሪ እኔ ነኝ አይደል?» አለችኝ። አዎ ብዬ ዋሸኋት፣ እትዬ።

ሰኞ ልጆቹ በአሻንጉሊት «ትምህርት ቤት ትምህርት ቤት» ይጫወታሉ። ነጮቹን አሻንጉሊቶች ምንጣፍ ላይ አስቀምጠዋል። ቡናማዋን አሻንጉሊት ካፖርት አልብሳ በር ላይ ያቆመቻት ደግሞ ዴዢሬ ናት፤ ከጃሊያ ወዲህ በክፍሌ የቀረችው ጥቁር ልጅ እሷ ብቻ ናት። ምን አጥፍታ ነው ብላት፣ «ገና ምንም አላጠፋችም። አያቷ ሲመጡ እንዳይጠብቁ ብዬ ነው» አለችኝ።

የፍትሕ ሳምንቱ ትምህርት በደንብ የገባት እሷ ብቻ ናት።

ሌሮይን ሰላም በይልኝ፤ ሲጋራውን አቁሞ ከሆነ ሁለቴ ሳሚልኝ። አክስት ሩቢን እጅ ነሥቻለሁ በያቸው። ትንሿ ኢማኒ ትምህርት ልትጀምር ነው ብለሽኛል፤ ጉንጯን ሳሚልኝ። ካፖርቷን ብቻዋን መልበስ ካልቻለች ግን፣ እባክሽ አታስቸኩሏት።

እህትሽ አርዜላ
ሜከን፣ ጆርጂያ
ኅዳር 8 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.