ስለ ደወላችን ስንጥቅና ስለ እኔ ክንድ

የድንጋይ ደወላችንን ሕመም የእኔ ክንድ ሕመም አድርገው፣ በምእመናን ፊት አዋርደው ከደዋይነቴ ያነሱኝ፣ ክቡር አቶ ትዕዛዙ፣ የደብራችን ሰበካ ጉባኤ ምክትል ሊቀ መንበር ሆይ! እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በጎችዎና በተለይም ጆሮዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ክንዴ ሳይቀር ደህና ነኝ።

አንደኛ፣ ከወረዳ ስብሰባ የተማሩትን ግምገማ ወደ ደጀ ሰላም ስላመጡልን አመሰግናለሁ። የድንጋይ ደወላችን ድምፅ ቢደነዝዝ፣ ተሰንጥቋልና አውርደን በሌላ እንተካው ብዬ ለመንሁ፤ እርስዎ ግን ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት ድክመቴን አምኜ ግለ ሂስ እንዳደርግ ጋበዙኝ። አላምንም በማለቴም ግትር ተባልሁ፤ ይህችኛዋ እንኳ እውነት ናት።

ሁለተኛ፣ ወይፈን በቀንዱ ይዞ የሚጥለውን ምንተስኖትን በእኔ ፋንታ ስለሾሙልን እግዜር ይስጥልን። ብርቱ ክንድ ድምፁን ይመልሳል ብለው ነበር። ክቡርነትዎ፣ ድንጋይ ሙሉ ሳለ ምቱን በመላ አካሉ ይካፈለዋል፤ ከተሰነጠቀ ግን ምቱ ሁሉ ከፀጉር በቀጠነችው የስንጥቁ ጫፍ ላይ ይከመራል፤ እሷም መሸከም ሲያቅታት ትከፈታለች። ስንጥቁ በረዘመ ቁጥር ለመስበር የሚበቃው ምት እያነሰ ይሄዳል። በክረምት የገባበት ውኃ ደግሞ በታኅሣሥ ውርጭ ሲረጋ አብጦ እንደ ሽብልቅ ፈለቀቀው። ልጁ ድምፅ ጠፋ ብሎ አጥብቆ ይመታል፤ አጥብቆ ሲመታ ድምፁ ይብሱን ይጠፋል፤ እርስዎም ከሥር ቆመው፣ በርታ ይላሉ!

ሦስተኛው ቅሬታ ሳይሆን ደስታ ነው። በአስተርእዮ ማርያም ንግሥ፣ ከመሐል ሜዳ በመጡት እንግዶች ፊት፣ ደወሉ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ከሥሩ ባስደገፉት አዲስ ዣንጥላዎ ላይ ሲወርድ አየሁ። ሰው አልተነካም፤ ተመስገን። ከጥዱ ሥር ተቀምጬ ስንፈራፈር ባለቤቴ አማከለች ሆዴን የቆረጠኝ መስሏት ጤና አዳም ልትለቅም ሮጠች። ሳቅ መሆኑን ስነግራት ግማሹን እሷ ወሰደችልኝ።

በደወሉ ፋንታ ከትምህርት ቤቱ ተውሰው የሰቀሉት የመኪና ቸርኬም ግሩም ነው። በመጀመሪያው እሑድ ሲደወል የደብሩ ልጆች ሁሉ የዕረፍት ሰዓት መስሏቸው ቅዳሴውን ጥለው ኳስ ሊያባርሩ ወጡ፤ የሰበካ ጉባኤዎ ጸሐፊም አብረው ወጡ አሉ።

አሁን ሽማግሌ ልከው፣ በጓሮ በኩል ታረቀንና ተመለስ ብለውኛል። ስሜ የጠፋው በደጀ ሰላም ነው፤ በዚያው፣ በዚያው ሰው ፊት፣ በእርስዎ አፍ እስኪመለስልኝ ድረስ መምቻውን አልነካም። ይህን ካልሁ በኋላ ስለ ደወሉ ነገር ዳግመኛ አንዲት ቃል አልተነፍስም፤ ቃሌ ቃል ነው።

ይህን ሁሉ በዚያው በደካማው ክንዱ የጻፈው፣ ለጥ ብሎ እጅ የሚነሳዎ፣
ጫኔ እንግዳወርቅ

ግልባጭ፦
ቸርኬያቸውን ለሚጠብቁት ርዕሰ መምህር
ለዣንጥላው

ማሳሰቢያ፦ የወደቀውን ግማሽ ደጀ ሰላሙ በር ላይ በሁለት ድንጋይ ላይ አጋድመው ለክብርዎ መቀመጫ አድርገውታል አሉ። መልካም አድርገዋል። እሱም ሌላ ስንጥቅ አለው፤ በየት በኩል እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ከላይ እንዳልሁት፣ ስለዚህ ነገር ዳግመኛ አልናገርም።