እሺ የሚለው ቁልፍ

የተሰበረውን በሚያይ፣ የተሰወረውንም በሚያውቅ በእግዚአብሔር ስም ሰላምታዬ ይድረስሽ።

ውድ ልጄ፤ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ዐይንሽን ኮምፒውተሩ እንዳይጎዳብሽ እሰጋለሁ። እኔ፣ ለቸርነቱ ወሰን የሌለው አምላክ ይመስገን፣ ከግንባሬ ስፌት በቀር ደኅና ነኝ።

አለቃሽ ፈርሚ ብሎ ያቀረበልሽን ወረቀት ነገር እናትሽ ነገረችኝ። በብረት ፋብሪካው የደረሰው አደጋ የኦፕሬተሩ ጥፋት ነው፤ ማስጠንቀቂያው በስክሪኑ ላይ ወጥቶለት ሳለ እሺ ብሎ አልፏል የሚል ነው አሉ። ከመፈረምሽ በፊት የሆነውን ስሚ። የስክሪኑን ገጽ የነደፍሽው አንቺ ነሽ፤ ፋብሪካውን ግን በዐይንሽ አላየሽውም።

ስክሪኑ ከመምጣቱ በፊት የብረት መጭመቂያውን የሚያሠሩት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ፉጨቴ ነው፤ እጁን ከብረቱ ሥር ሲያስገባ አንድ ጊዜ፣ ሲያወጣ ሁለት ጊዜ ስለሚያፏጭ ይህ ስም ወጣለት። ሌላው ሽማግሌ ነው፤ ሁለተኛውን ፉጨት ሳይሰማ ማንሻውን አይነካም ነበር። ፉጨቴም፣ አባባ፣ ዳዊትዎን ሲያነበንቡ እኔን እንዳይረሱኝ፤ መለዋወጫ እጅ የለኝም እያለ ያፌዝበት ነበር። ሽማግሌው ጡረታው ደርሶ ሳለ፣ አዲሱ ስክሪን የማን የእጅ ሥራ እንደ ሆነ ሲሰማ አንድ ዓመት ለምኖ ቀረ። በየማለዳው በእጅጌው ይወለውለው ነበር። ነገር ግን አዲሱ አሠራር ከመስታወት ጀርባ አስቀመጠው፤ መስታወቱም ድምፅ አያሳልፍም።

ባለፈው ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ቆርቆሮው ተቀረቀረ፤ ፉጨቴ ሊያወጣው እስከ ክንዱ ገባ። ስክሪኑ ቀላ። «በመጭመቂያው ውስጥ እንቅፋት አለ» የሚል ጽሑፍ ወጣ፤ ከሥሩም አንድ ቁልፍ ብቻ፦ «እሺ»። ሽማግሌው ሰምቻለሁ፣ ቆሜያለሁ ሲል ነካው። ማሽኑ ግን ቀጥል የተባለ መሰለው። ብረቱ ወረደ። ደም መስታወቱን አለበሰው፤ ከደሙ ጀርባ የፉጨቴ አፍ ተከፍቶ ይታያል፣ ጩኸቱ ግን አይሰማም። ስክሪኑ ያንኑ ደግሞ ጻፈ። ሽማግሌው ይቁም ብሎ ደግሞ እሺ አለው። ብረቱ ሁለተኛ ወረደ።

እዚያው የሚሠራው የፉጨቴ ወንድም የመስታወቱን ክፍል በር ገንጥሎ ገባ። አንተ ሽማግሌ፣ ዕድሜ ልክህን ፊደል ቆጥረህ ሁለት ፊደል ማንበብ አቃተህ? እያለ ግንባሩን በመፍቻ ፈነከተው፤ ጉሮሮውን አንቆ ከግድግዳ ጋር አላተመው። ሽማግሌው እጁን አላነሣም። ሌሎች እስኪያስጥሉት ድረስ፣ እሺ፣ እሺ ይለው ነበር።

ያን ቁልፍ ለምን እንደ ነካ መርማሪዎቹ አያውቁም። አንቺ ታውቂዋለሽ። በቤቱ እሺ የሚያስቆም ቃል ነበርና። ልጁ እንቢ ባለች ቁጥር ቀበቶው በዘለበቱ በኩል ይወርድባታል፤ እሺ ስትል ይቆማል። በግዕዙ ኦሆ፣ በአማርኛው እሺ ባይ ትሁንልኝ እያለ፣ ቅዱስ ቃል እየጠቀሰ ይገርፋት ነበር። የትከሻዋ አጥንት በተሰነጠቀ ቀን እንኳ እሺ እስክትል ጠብቋል። ዛሬ ሳስበው፣ ያን ቁልፍ ብቻውን ያኖርሽው ሌላ ቃል ስላላስተማርኩሽ ይሆን?

ልጄ፤ ለእኔ ብለሽ አትራሪ። እጁ የእኔ ነው፤ ፍርዴን በሰውም በእግዚአብሔርም ፊት እቀበላለሁ። ነገር ግን ከፈረምሽ ስክሪኑ እንዳለ ይቀራል፤ በፉጨቴ ቦታ ሰኞ ሌላ ሰው ይቆማል። አለቃሽን እንቢ በዪው። መጥተሽም ከሠራተኞቹ አጠገብ ቁሚ፤ እንዴት እንደሚጠራሩ፣ ምን ሲሰሙ እጃቸውን እንደሚሰበስቡ እዪ። እሺን ፍቀሽ «አቁም» እና «አውርድ» ብለሽ ለየብቻ ጻፊ።

ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ፉጨቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳዞረ፣ ልጅዎ ናት አሉ የሠራችው፤ ፉጨት የሚሰማ ማሽን ትሥራ በሏት አለኝ። ቀልድ ይሁን እርግማን አልለየሁትም።

ዘጠኝ ዓመት ፊትሽን አላየሁም። ይቅር በዪኝ ብዬ ጽፌ ሰረዝኩት፤ ደግሞም ጻፍኩት። እሺ እንድትዪኝ ግድ አልልሽም። እንቢ ብትዪኝም በዚህ ቤት ከእንግዲህ የሚነሣ እጅ የለም።

እግዚአብሔር አንደበትሽን ይፍታ፤ አንቺን፣ ቤትሽንና በቤትሽ ያሉትን ሁሉ ከሚወርድ ብረትና ከወላጅ ቁጣ ይሰውር። አሜን።

አባትሽ